የላንድሮቨሯ አዲስ መብራት

የተቃጠለ የሽቦ ጎማ ሲሸተኝ ዛሬም አፌ ይደርቃል። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ እያየኝ ሥራዬን ጥዬ ወደ በር እወጣለሁ። «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነሽ ሽቦ ትፈሪያለሽ?» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ! ያን ዕለት ጉሙ ውስጥ አልነበሩም።

አባቴ በከተማችን በወገዳ የታወቁ ሹፌር ነበሩ። መኪናቸው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ እናቴ «ከልጆቹ አስበልጠው ያጥቧታል» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። ያን ክረምት የኤሌክትሪክ ትምህርቴን ጨርሼ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ መጥቻለሁ። አባቴ ደግሞ «መብራቷ ደክሟል፣ መንገድ አላሳይ አለኝ» ሲሉ ከርመው ኖሮ፣ የሌላ መኪና የፊት መብራት አስመጥተው ጠበቁኝ።

መብራቱ ቦታው ላይ ልክክ አለ፤ ገመዱ ግን አልገጠመም። በአሮጌው ውስጥ ከትልቁ አምፖል ጎን የምትቀመጥ ትንሽ መብራት ነበረች፤ አዲሱ ለእሷ ቦታ የለውም። ስለዚህ ትንንሾቹን ለብቻ፣ ከፍሬቻው በላይ አስሬ ገመዳቸውን ማስረዘም ነበረብኝ። ፒንሳና ናስትሮ ይዤ ኮፈኑ ሥር ገባሁ። አባቴ ሰው ባለፈ ቁጥር «የኔ ልጅ ናት! ተምራ መጥታ ነው!» ይላሉ። እኔም በኩራት ልፈነዳ!

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ዳምኖ ሳለ ልንሞክረው ተነሣን። እኔ ጋቢና ገብቼ አበራለሁ፤ እሳቸው ፊት ለፊት ቆመው ይነግሩኛል።

«በራ፣ አባባ?»

«ኧረ አልበራም!»

ወርጄ ገመዱን ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ። አሁንም አልበራም አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ማብሪያውን እንደተጫነ ትቼ ወረድኩ። ሁለቱም ትንንሽ መብራቶች ቦግ ብለዋል። አባቴ አራት እርምጃ ርቀው በቀጥታ እያዩአቸው፣ «አየሽ? አልበራም አላልኩሽም?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ተመልሼ ገባሁና መብራቱን በሙሉ አጠፋሁት። «አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን ገና በራ! ጎበዝ!»

እግዜር ያሳያችሁ፤ አባቴ አያዩም። ነገ ማለዳ ደግሞ ሰው ጭነው ከከተማው የሚወርደውን ገደላማ ቁልቁለት ሊነዱ ነው። ማታ እንደ ምንም ተደፋፍሬ «ነገ ብንቀርስ፣ አባባ? ጉም ይኖራል» አልኳቸው። «ሰው ቀጥሬ? መብራቱ ተሠርቶ የለም እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጠዋት ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። በወዲያ ጎኔ ጨቅላ ያቀፈች እናት፣ ከኋላ የደብራችን መሪጌታና ጥቂት ገበያተኞች ነበሩ። ከከተማው እንደወጣን ጉሙ ዋጠን። አዲሶቹ መብራቶች እየበሩ እንኳ ለእኔ የሚታየኝ ከኮፈኑ ጥቂት ወዲያ ያለው ብቻ ነው። አባቴ ግን መንገዱን በልባቸው ይዘውት ኖሮ ዘና ብለው ይነዳሉ። እርጥብ አፈር፣ ነዳጅና ከአዲሱ ገመዴ የሚመጣ የተቃጠለ የሽቦ ጎማ ይሸታል፤ ሕፃኑ ያንኮራፋል። እኔ በልቤ «እመቤቴ፣ አደራሽን!» እላለሁ።

«ወደ ግራ ይበሉ፣ አባባ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! ይኸን መንገድ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?»

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? የሌሊቱ ጎርፍ መንገዱን ቆርሶት ነበር፤ አባቴ በልባቸው የያዙት መንገድ እዚያ ጋ አልነበረም። ከኮፈኑ ፊት መሬት ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ሲቀር አየሁ።

«ቁም! አባባ፣ ቁም!»

በዕድሜዬ አባቴን አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፍሬኑን ረገጡት። መኪናዋ ተንሸራታ ቆመች። ጠጠሮች ከጎማው ሥር ሲንከባለሉ ሰማን፤ ሲያርፉ ግን አልሰማንም።

ከኋላ ጩኸት ተነሣ። አባቴ ዓይናቸው ፈጦ መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ደግሞም ተናደድኩባቸው፤ ልመታቸው ሁሉ አምሮኝ ነበር። እጄ ግን ወደ ማብሪያው ሄደና መብራቱን አጠፋው።

መሪጌታው ወርደው በመስኮት ብቅ አሉ። «ምን ሆናችሁ?»

«መብራቱ ጠፋ» አልኩ። «ገመዱን በደንብ አላሰርኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ልጄን ልትፈጂብኝ!» አለች እናትዮዋ ደረቷን እየመታች። መሪጌታው «ሳያውቁ ይነካል እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም በእግራቸው ተመለሱ። አባቴ ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዙም። እኔም ከዚያ ወዲያ በወገዳ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ቀይሪልን የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ እሑድ አባቴን እየመራሁ ከቅዳሴ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ሰው ተሰብስቧል። «እኔ ልየው?» አልኩ።

«አይ፣ አንቺስ ቅሪብን» አሉ መሪጌታው። ሰው ሳቀ።

አባቴ ቆሙ። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «መሪጌታ» አሉ ጮክ ብለው፣ «ያን ዕለት መብራቱ ደህና ነበር። እኔን ልትሸፍን ራሷ አጠፋችው፤ ማብሪያው ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ዓይኔ እንደማያይ እያወቅሁ እናንተን የጫንኩት።»

ሳቁ ጸጥ አለ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ።

አጥሩን እንዳለፍን «መሪጌታው ፊታቸው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

መሪጌታው ፊታቸውን አዙረውባቸው ነበር።

«አልተቆጡም፣ አባባ» አልኳቸው።