ሰጋቱራ ያልነካው ሽፋን

ታላቅ እህቴ የመንግሥት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ናት። ሥራዋ በየፋብሪካው እየዞሩ ማሽን መፈተሽ ነው። ቤትም ገብታ አታርፍም፤ የምድጃው ገመድ ተልጦ ካየች ምሳ አይሠራም። "ሳይቃጠል በቅጠል" ትላለች፣ እኛ በረሃብ ስንቃጠል።

አባታችን አናጺ ነበር። ቀኝ እጁን መጋዝ በልቶት ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶለታል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ ነበረች፣ በሰባት ዓመቷ፣ በርጩማ ላይ ቆማ። አባባ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል እንጂ አንድም ቀን ዓይኗን አላየም። ያፍር ነበር።

እኔ ግን አልተማርኩም፤ የእሱኑ ሙያ ያዝኩ። የምሠራው የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ፣ ክብ መጋዝ ላይ ነው። ማሽኑ ሲገዛ ጥርሱን የሚከልል የብረት ሽፋን ነበረው። ሥራ ያጓትታል ብለን አውልቀን መጋዘን ወርውረነዋል።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ እህቴ ጠረጴዛው ላይ የተወችው ወረቀት ላይ የድርጅታችንን ስም አየሁ። "ወንድሜ እዚያ ይሠራልና ሌላ ሰው ይሂድ" ብላ ጽፋለች፤ አለቃዋ ደግሞ "ሰው የለም፤ ከባልደረባ ጋር ሂጂ" ብሎ ፈርሞበታል። ምን ምላስ ነው የሰጠኝ! ሮጬ ሄጄ ለባለቤቱ ለጋሼ ነገርኩ። ጋሼ ግንባሬን ሳመኝ። ሽፋኑን አውጥተን፣ በጨርቅ ወልውለን ገጠምነው።

አራት ሰዓት ላይ ከባልደረባዋ ጋር መጣች። ጣቷን በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አሳለፈች፤ ሰጋቱራ። በሞተሩ ላይ አሳለፈች፤ ሰጋቱራ። በሽፋኑ ላይ አሳለፈችና ጣቷን ለጋሼ አሳየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሽፋን ዛሬ ነው እንዴ የተወለደው?"

"አይ ልጄ፣ እኛ እኮ ጽዳት እንወዳለን።"

"ሽፋኑን ብቻ ነው የምታጸዱት?"

ባልደረባዋ ሳቁን ዋጠ። እህቴ ማሽኑን አሸገችው፤ ሽፋኑ በደንብ ሳይታሰርና እኛ ሳንሠለጥን እንዳይከፈት ጻፈች።

"ወንድምሽም እኮ ሥራ ሊፈታ ነው!" አለ ጋሼ።

"ከነጣቱ ይፍታ።"

ቤት ስንገባ በንዴት ጦፌ "የገዛ ወንድምሽን!" አልኳት።

"ማን እንደነገራቸው የማላውቅ መሰለህ?" አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "የአባባን ሸሚዝ አሥራ አንድ ዓመት ቆልፌያለሁ። ያንተን አልቆልፍም።"



ከስምንት ቀን በኋላ እሽጉ ተነሣ። ሽፋኑ ሥራ እንደማያጓትት ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንጓ ያለው ጣውላ ሳስገባ ድንገት ተወርውሮ ተመለሰና እጄ ወደ መጋዙ ሾለከ። ከብረቱ ሽፋን ጋር ተላተመ። ጋሼ ራሱ መጥቶ ማሽኑን አጠፋው፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መሃል ጣቴ አብጦ ሸሚዜን ለመቆለፍ ስታገል እህቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ልርዳህ አላለችም። እኔም ጣሪያውን አላየሁም። እሷን እያየሁ ስድስቱንም ቁልፍ በገዛ ጣቴ ቆለፍኩ።