መሐለኛዋ ክፍል

ከከባድ መኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ጭቃው በበጋም በማይደርቅበት ጠባብ መንገድ ዳር፣ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሦስት ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በቀኟ ሳቂታ ትኖራለች፤ በግራዋ ወይዘሮዋ። ሁለቱም ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው። ሳቂታ ይህን ስም ያገኘችው ስትደሰትም ስትፈራም ስለምትስቅ ነው። ወይዘሮዋ ደግሞ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ጫማዋን ሳትወለውል ደጅ አትወጣም። በመሐለኛዋ ክፍል የምትኖረው ጆሮ ናት። የምነግራችሁም ስለ እሷ ነው።

ጆሮ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቁጣዋም ይቅርታዋም ፈጣን የሆነ ሴት ናት። በወጣትነቷ እሷም በዚያው ቤት፣ ያውም አሁን ሳቂታ በምትተኛበት ክፍል ውስጥ ሠርታለች። እንዴት እንደተወችው ሲጠይቋት፣ «ምን እተወዋለሁ፣ እሱ ነው እንጂ የተወኝ! እኔ ሳላረጅ ገበያዬ ጡረታ ወጣ» ትላለች። ያኔ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ሜዳ ላይ አልጣሏትም። ተጋግዘው መሐለኛዋን ክፍል ተከራዩላትና አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ የግራና የቀኝ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ ተቀያይረዋል። አንዷ አግብታ፣ አንዷ ታማ፣ አንዷ የት እንደገባች ሳይታወቅ ሄደዋል። ጆሮ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሥራዋ መስማት ነው። ክፍሎቹን የሚለያቸው ቀጭን የኮምፔርሳቶ ጣውላ ስለሆነ የጎረቤት ሳል የራስ ሳል ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ ጭነታቸውን አራግፈው መምጣት ሲጀምሩ፣ ጆሮ በርጩማዋን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ታስቀምጥና ሹራቧን መሥራት ትጀምራለች። ሰው ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ውሃ ትጠጣለህ?» ማለት አለባቸው። ሰውየው ጠጣም አልጠጣም አንድ ነገር መመለሱ አይቀርም፤ እሷ የምትፈልገው ያንን ነው። ድምፁ ካላማራት ኮምፔርሳቶውን ቆርቆር ታደርጋለች፤ ልጅቱም ራስ ምታት እንደጀመራት ተናግራ ትሸኘዋለች። ጆሮ የሚጮኸውን ወንድ ብዙም አትፈራውም። የምትፈራው በወሬ መሐል ድንገት ዝም የሚለውን ነው። ዝምታው ከረዘመባት «ልጄ፣ ጨው አለሽ?» ትላለች በግድግዳው በኩል። «አለኝ» ከተባለች ሹራቧን ትቀጥላለች። «አልቆብኛል» ከተባለች፣ ወይም ጭራሽ መልስ ካጣች፣ ምድጃው ላይ ሁልጊዜ የሚፈላውን የውሃ ማንቆርቆሪያ አንስታ ትሮጣለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ለስላሳ አንደበት ያለው ሾፌር ሳቂታ ጋ ገባ። ውሃውን አመስግኖ ጠጣ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ ዝም አለ። ጆሮ ስለ ጨው ጠየቀች። ከወዲያ የመጣላት መልስ ሳቅ ነበር፤ እሱም ገና ሲጀምር መሐሉ ላይ ተቆረጠ። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ሰውየው በሁለት እጁ የሳቂታን አንገት አንቋል። የፈላውን ውሃ ጀርባው ላይ ለቀቀችበት። ሰውየው እየጮኸ ሸሚዙን ጥሎ በረረ።

ጆሮና ሳቂታ ተያይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የሳቂታ አንገት ላይ የጣቶቹ ምልክት ገና እንደቀላ ነው። መርማሪው ግን ስለ ሰውየው ምንም አልጠየቀም። ወደ ጆሮ ዞሮ «አንቺስ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ምን ትበለው? «ጎረቤት ነኝ» አለች። «ጎረቤት!» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። የታነቀችው ሳቂታ፣ የምትጠየቀው ጆሮ፣ አናቂው የትም የለም። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

በዚያ ሰሞን ነው እንግዲህ ከተማው ስለ ሴተኛ አዳሪነት ሕግ መከራከር የጀመረው። አንዱ ወገን ሥራው ይፈቀድ፣ ነገር ግን ፈቃድ ባላቸው ቤቶች ብቻ ይሁን ይላል። ሌላው ወገን ገዢውም አገናኙም ይቀጣ፣ ሴቶቹም ከዚያ ሕይወት ይውጡ ይላል። ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አከራዩም ፍርሃት ገባው።

«ሕጉ እስኪለይለት ብዬ ነው የታገስኩሽ» አላት አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ቆሞ። «ሁለቱ ሴቶች ተከራዮች ናቸው። አንቺ ግን ምንድን ነሽ ብባል መልስ የለኝም። ደላላ አስቀምጦ ያኖራል ካሉኝ ቤቴን ነው የሚዘጉብኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ማንን ከማን ሳገናኝ አይተውኛል?»

«እኔ ላልይ እችላለሁ። ሕጉ ግን ምን እንደሚያይ አላውቅም።»

ሳቂታ ይህን በግድግዳው በኩል ሰማች። ፈቃድ ይሰጥ የሚለው ወገን ጠበቃ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ሴቶች ሲፈልግ «እኔ እናገራለሁ» ያለችው በዚህ ምክንያት ነው። አሳቧ ቀላል ነበር። ጆሮ እንዴት እንደምትጠብቃቸው ሰዎቹ ቢሰሙ፣ የትኛውም ሕግ ይውጣ፣ መሐለኛዋን ክፍል አይነኩባትም ብላ አመነች።

«ልጄ፣ ተይው» አለቻት ጆሮ። «እነዚያ ሰዎች የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነው።»

«እትዬ ደግሞ! ተጠራጣሪ ነሽ። ጠበቃው እኮ የእኛ ወገን ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እኛ ወገን ያለን?» አለች ወይዘሮዋ ጫማዋን እየወለወለች።

ሦስቱም ሄዱ። አዳራሹ ትልቅ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ መጋረጃው ከባድ ነው። ገዢው ይቀጣ ከሚለው ወገን፣ ሴቶችን የሚታደግ ማህበር ሊቀመንበር የሆነችው ሴትዮ ቀድማ ተናገረች። «እነዚህ እህቶቻችን» ትላለች በየዓረፍተ ነገሩ፤ እህቶቿ ወደተቀመጡበት ግን አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም። ጠበቃው ቀጠለ። እሱ ደግሞ «ሠራተኞቹ» ይላቸዋል። ስለ ጤና ምርመራ፣ ስለ ግብር፣ ሥራው ስለሚፈቀድበት ሰፈር አብራራ። እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲወራ «አንገት» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

ተራው የሳቂታ ሆነ። ማይኩን ይዛ መጀመሪያ ሳቀች። ሰውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

«እኔ ዛሬ በሕይወት ያለሁት በእትዬ ነው። ይቺውና፣ እዚያ የተቀመጠችው። እኛ ቤት እሷ ሳትሰማው የሚቆይ ወንድ የለም። እሷ ይሁን ካለች ይሁን ነው፤ አይሆንም ካለች እመልሰዋለሁ፣ ስንት ቢከፍልም እመልሰዋለሁ። እኛም ዝም አንላትም። ከሠራነው እናበላታለን፣ ኪራይዋን እንከፍላለን። እናታችን ናት። እባካችሁ በሕጉ ውስጥ አስገቡልን!»

ፊቷ እያበራ ተቀመጠች። ለእሷ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። የምትወደውን ሰው በአደባባይ ያሞገሰች መስሏታል። ጆሮ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ጀምሮ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች። እንዴት እንደሚሰማ ገብቷታል።

የማህበሩ ሴትዮ ዘልላ ተነሳች። «ሰማችሁ? ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የምትወስን፣ በሴቶቹ ገቢ የምትኖር፣ ጭራሽ እናቴ የምታስብል! ደላላ ማለት ይህቺ አይደለችም ወይ?»

ሳቂታ ወደ ጠበቃው ዞረች። ወገን ነው ብላለቻ! ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «በዚህ ነጥብ ከክብርት ሊቀመንበሯ ጋር ልዩነት የለኝም። እኛም ፈቃድ ያለው ቤት ይኑር የምንለው እንዲህ ያለው ብዝበዛ እንዲቀር ነው። ፈቃድ ባለው ቤት ካሜራ ይኖራል፣ የጥበቃ ድርጅት ይኖራል።»

እነዚያ ለወራት በሬዲዮ ሲቧቀሱ የከረሙ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈገግ ተባባሉ። ሰብሳቢው ደስ አለው። «እንግዲህ ቢያንስ በአንድ ነገር ተስማምተናል ማለት ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጨበጨበ! አንዲት ሴት በሁለት ሕግ በአንድ ጊዜ ወንጀለኛ ስትሆን እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

ጆሮ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ካሜራው በሩን ሰብሮ ይገባል?»

«እናቴ፣ ጥያቄ በተራ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ተራዬ መቼ ነው?»

«ስምዎ ተመዝግቧል?»

አልተመዘገበም። ማይኩ ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ። እሱም ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያ መንገድ ስለሆነ ዓይናቸው ምን እንደሚያይ አማረረ። ጆሮ ቀስ ብላ ወጣች፤ ሁለቱም ተከተሏት።

መንገድ ላይ ሳቂታ እያለቀሰች ነበር። ወይዘሮዋ «ምላስሽ አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት አያምረውም?» ብላ ጀመረች።

«ተያት!» አለች ጆሮ። «እውነት ነው የተናገረችው። እውነቷን እንደ ሌባ ዕቃ የገለባበጡት እነሱ ናቸው።»

ስብሰባው በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ ኖሮ አከራዩ በራፉ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ክፍሏን እንድትለቅ ነገራት። ልጆች እንዳሉት፣ ክፉ እንዳልሆነ፣ ግን ምን ማድረግ እንደሚችል እንደማያውቅ ዘረዘረ።

«ኪራዩን ስትቀበል ልጆች አልነበሩህም?» አለችው። በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንተ ብላው አታውቅም።

አከራዩ አቀረቀረ። ማፈሩ ግን አላስቀራትም። ፍራሿንና ማንቆርቆሪያዋን ይዛ፣ ከገበያው ማዶ አንዲት ልብስ አጣቢ ወዳጇ ጓሮ ገባች። አከራዩ መሐለኛዋን ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ በሲሚንቶ ከረጢት ሞላት። ሲሚንቶ ድምፅ አያሳልፍም። ሳቂታና ወይዘሮዋ አሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዷ የሌላዋን ጩኸት አትሰማም። ይህን ነው እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ለሴቶቹ ያስገኙላቸው። ሕጉ ገና እየተረቀቀ፣ የስብሰባው አበል እየተበላ፣ መሐለኛዋ ክፍል ቀድማ ተዘጋች።

ጆሮ ሳቂታን ሌላ ቤት እስክታገኝላት ሥራ እንድታቆም ለመነቻት።

«ምን በልቼ፣ እትዬ?»

 ጆሮን ራሷንም ልብስ አጣቢዋ ከራሷ ቀንሳ ነው የምታበላት።

ስለዚህ በማግስቱ፣ ሾፌሮቹ መምጣት በሚጀምሩበት ሰዓት፣ ጆሮ በርጩማዋን ተሸክማ ወደዚያው ጠባብ መንገድ ተመለሰች። የሳቂታ መስኮት ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው። «ቢበርድሽም እንዳትዘጊው» አለቻትና ከመስኮቱ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት ተቀመጠች። ሹራቧን አወጣች። ልጆች ጠቆሙባት። አንዱ ሾፌር አይቷት አፈረና ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ።

«እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም።»

«መንገድ ነው እኮ።»

«እርስዎ እዚህ አካባቢ እንዳይታዩ ተብሏል።»

«ታዲያ አትየኛ!»

ልጁ ሳቁ አመለጠውና መልሶ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «እባክዎ አያስቸግሩኝ። ማዶ ሄደው ቢቀመጡ ምንም አልልም።»

ማዶውን አየችው። መኪኖቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተደርድረዋል። «እዚያ ሆኜ ምኑ ይሰማኛል?» አለችው።

«ምን ሊሰሙ ነው?»

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፍታ ድንገት እጇን አነሳች፤ ዝም በል። በመስኮቱ ውስጥ ወሬው ቆሟል። ፖሊሱ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዝም አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ሳቂታ ከውስጥ «ጫማህን አውልቅ እንጂ፣ አሁን የወለወልኩት ወለል ነው!» ስትል ተሰማ። ሰውየው ይቅርታ ጠየቃት።

ጆሮ ትንፋሿን ለቀቀች። ፖሊሱም አብሯት ለቀቀ፤ ወዲያው ደግሞ የመጣበት ነገር ትዝ አለውና ቆፍጠን አለ።

«ነገ እዚህ ካገኘሁዎት ይዤዎት ነው የምሄደው።»

«ከምሳ በኋላ ና» አለችው ሹራቧን እያነሳች። «ጠዋት አልኖርም።»