አንዱ እግር ቆዳ፣ አንዱ እግር ጎማ

የጎማ ሽታ ጠልቼ ነው የኖርኩት። የጋለ ወስፌ ሲበሳው የሚወጣውን፣ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አልወርድም የሚለውን ማለቴ ነው። ትናንት ጠዋት ባሌና የልጄ ባል ደጅ ተቀምጠው ለፈረሱ ጫማ ሲበሱ ያ ሽታ ቤት ድረስ ገባ። ገብስ እየለቀምኩ ነበር። ሰፌዱ ጭኔ ላይ እንዳለ እጄ ቆመ።

ልጄ ወሯ ገብቷል። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፤ መኪና ካየን ሰንብተናል። መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ፈረሱ ብቻ ነው። እናቴንም ያኔ የሚያደርሳት ፈረስ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ደብረ ብርሃን ሄዶ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ዳማ ፈረስ ገዝቶ መጣ። ፈረሱ ብረት ጫማ የለመደ ነው፤ የፊት እግሮቹ ሰኮና ግን ይፈረፈራል፣ ምስማር አይይዝለትም። ዛሬ የተመታለትን ብረት ነገ ጭቃ ውስጥ ጥሎት ይገባል። ያለ ጫማ ደግሞ ድንጋይ ሲረግጥ እግሩን አንጠልጥሎ ይቆማል። ከገበያ ስንመለስ እኔና እናቴ ጎንበስ ብለን የወደቀውን ብረት እንፈልግ ነበር። "ይሄስ ከኔም ባሰ፤ ጫማ አይበረክትለትም" ብላ ትስቃለች። ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና እግሯ አበጠ፤ ዓይኗ ብዥ ይልባት ጀመር። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሴት "ቀንሽ ሳይደርስ ነይ፤ በእግርሽ ግን እንዳትሞክሪው" ብላታለች። እንግዲህ ፈረሱ ጫማ ያስፈልገዋል። ጠቡ የተነሣው ያኔ ነው።

አባቴ የበሬ ቆዳ ነክሮ ሰኮናውን የሚያለብስ ከረጢት ሰፋ። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ሌላ ይዞ መጣ። ሁለቱ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሰላምታም አልነበራቸው።

"ቆዳህ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል" አለው አጎቴ።

"የመኪና ጫማ ለመኪና ነው። ቁርጭምጭሚቱን ልጦ ይጥለዋል።"

"እህቴ እዚህ ቤት የገባችው በበቅሎ ነው። አንተ ከጋሪ በተባረረ ፈረስ ልታወጣት!"

"በበቅሎ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በቅሎዋ ያንተ ነበረች እንዴ?"

ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲረግፍ፣ አባቴ አንዱን የፊት እግር፣ አጎቴ ሌላውን ይዘው ቆመው ነበር። ፈረሱ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ያያል። እናቴ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ስትጨርሱ ንገሩኝ። ልጁ እንደሆነ አይጠብቃችሁም" አለች።

ኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ተጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንበር ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ግራ ቀኙን ሰሙና እንደ እርሻው ፈረዱ።

"ማንም አይከፋው። የቀኙ እግር ላንተ፣ የግራው ላንተ ይሁን። እኩል ተካፈሉ።"

"ፍርድ ማለት ይሄ ነው" አለ የተሰበሰበው ሰው። አባቴ ቀኙን ቆዳ አለበሰ፤ አጎቴ ግራውን ጎማ። ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ነበር። ሴቶቹ "በሽልም ያውጣሽ" ብለው አራታችንን ሸኙን።

ድምፁን አልረሳውም። ጎማው ዱብ ይላል፤ ቆዳው እንደሚጎተት ነገር ሸርተት ይላል። ጎማው ወፍራም ስለሆነ ፈረሱ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነው የሚሄደው፤ እናቴም አብራው ታዘነብላለች። ቁልቁለቱ መሐል እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆዳው ከዳው፤ ፈረሱ በጉልበቱ ወረደ። እናቴ በአንገቱ በኩል ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች።

አነሷት። ማንሣቱንስ አነሷት። ወዲያው ግን፣ "ያንተ ቆዳ ነው የጣላት!"

"ያንተ ጎማ ነው ያዛነፈው!"

ዱላ ሊማዘዙ ደረሱ። እናቴ ነጠላዋን አራግፋ ትከሻዬን ያዘች። "እንሂድ፤ እነሱ እስኪጨርሱ ይመሻል" አለችኝ። ያኔ ነው ወደ ታች ያየሁት። እግሯ ካበጠ ወዲህ የኮንጎ ጫማዋ እምቢ ብሏታል። ለፈረሱ ጫማ ያን ያህል ሲጣሉ እናቴ ባዶ እግሯን መሆኗን ያየ ሰው አልነበረም።

የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ከኋላችን ስድባቸው እየተከተለን ነበር።

ልጁ ወንድ ነበር፤ አላለቀሰም። እናቴ ተረፈች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉ የመጡት ሴቶች በር ላይ ቆመው ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አላቸው። እኔም ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም፤ እሷን እጇን ይዞ የሚያወጣ የሚያገባ ያስፈልግ ነበር። አባቴና አጎቴ የማን ጫማ እንደጣላት ሲከራከሩ ኖረው ሳይታረቁ ሞቱ።

ትናንትም ወደ ደጁ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ባሌ ስለ ቆዳ ያወራል፤ የልጄ ባል ከመሐል ሜዳ ያመጣውን የሞተር ጎማ ያወድሳል። ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ። ከዚያ ባሌ፣ "እንግዲያው አንድ አንድ እናድርግ" አለ።

ሰፌዱን ጥዬ ወጣሁ። ገብሱ ተበተነ።

"ሁለቱም የፊት እግር ጎማ ይሆናል። ውስጡን በአሮጌ ባና ብርድ ልብስ ለብጡት፣ እንዳይልጠው። ውፍረቱ እኩል ይሁን።"

ባሌ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ሴት ለፈረስ ጫማ የምትመርጠው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እናቴ በእግሯ ከወረደች ወዲህ።"

የልጄ ባል ወስፌውን አነሣ፤ ጎማውን እኔው ያዝኩለት። ባሌ እስካሁንም አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

ዛሬ ማለዳ ከባሏ ጋር ሲነሡ የሱፍ ካልሲ ለልጄ አጠለቅኩላት፤ በላዩ ላይ የባሌን ሰፊ ጫማ አሰርኩላት። "እማዬ፣ እኔ እኮ ተቀማጭ ነኝ፤ የሚሄደው ፈረሱ ነው" ብላ ሳቀች። የእናቴ ሳቅ ነው። ማሰሪያውን አጠበቅኩት።

አጥሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሁለቱም እግር እኩል። ከጉብታው ማዶ ሲወርዱ ድምፁ ጠፋ። እጄ አሁንም ጎማ ጎማ ይሸታል፤ አልታጠብኩም። ዱብ የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ።