በጎረቤት በኩል ያለው አሸንዳ

የደብረ ታቦሩን ቤት ለመሸጥ ስንነሣ፣ የሚጠገነውንና የሚተወውን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ከዓረብ አገር ተመልሼ ባሕር ዳር ሥራ ይዣለሁ፤ እናቴ ግን ጉልበቷን ብርድ እየበላው ብቻዋን ነበር የምትኖረው። አንድም ክረምት እዚያ እንድትጨምር አልፈለግሁም። ያጣደፈኝም ይኸው ነው።

የፊት ለፊቱ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፣ የሳሎኑ ኮርኒስ አብጧል፣ የግቢው በር አይዘጋም። ሁሉን ማዳረስ ስለማይቻል ዓይን የሚገባውን መረጥኩ፤ ልስንና ቀለም። እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በጎረቤት በኩል አሸንዳ አስገጥሚልኝ።»

በዚያ በኩል የጣራችን ውሃ የሚወርደው ከጎረቤታችን ግድግዳ ሥር ነው። በዚሁ ሰበብ ሁለቱ አሮጊቶች ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሴ ሲያልቅ እንኳ አንዷ እስክታልፍ ሌላዋ ቆማ ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው አሸንዳ ምን ያደርግለታል?» አልኳትና ቀለሜን አስቀባሁ።

የአገሬን ሰው ረስቼው ኖሯል። እዚህ ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጎረቤት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ገዢ ቀለሙን አድንቆ ወደ ጎረቤታችን ገባ፤ ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። ሴትዮዋ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ውሃ የበላውን ግድግዳቸውን ብቻ አሳይተውታል። ሰውየው በዚያው ቀረ። በንዴት በገንኩ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የግቢውንም በር ቀለም ላስቀባ አስቤ ነበር።

በማግስቱ ግን ቆርቆሮ ሠሪ አምጥቼ አሸንዳውን አስገጠምኩ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጎረቤታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ደረቅ ግድግዳቸውን ቆመው አዩት። ከዚያ በእኛ በር ገቡ። ሁለቱም ስላለፈው አንድ ቃል አላነሡም። ተሳሳሙ፤ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ደግሞ፣ እሰይ፣ አሁን ይሸጣል አልኩ በልቤ።

ተሸጠም። ሁለተኛው ገዢ ሊጠይቃቸው ሲገባ፣ «ቤቱስ ደኅና ነው፤ አንተ ግን ጎረቤቴን ልታሳጣኝ ነው የመጣኸው እንጅ» ብለውታል። በዚያው ሳምንት ተዋዋልን።

ዕቃው የተጫነ ቀን እናቴን ደግፌ ወደ መኪናው ሳወጣት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይኸን አሸንዳ ዓረብ አገር ሳለሽ በስልክ ለምኜሽ ነበር። አንቺ ሶፋ ግዥበት ብለሽ ብር ላክሽልኝ።»

እውነቷን ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚታየው ሶፋው ነው ብዬ ነበር። አፈርኩ። ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እናቴ እሳቸውን እያየች ቀጠለች።

«ያኔ አስገጥመሽልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ብቻዋን ናት ብለሽ አትወስጅኝም ነበር።»