«ሜ» የተባለው አልበም

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ልሳፈር፣ በዋዜማው ማታ የባለቤቴ እናት እማማ ዘነበች ሻንጣዬ ውስጥ ኮረሪማ ሲከቱ፣ እኔ የልጃቸውን የዳዊትን ሁለተኛ ሲዲ በነጠላ ጠቅልዬ ከሥር አስገባሁ። አዩኝ።

«ያንን ፍየል ደግሞ ይዘሽው ልትሄጂ ነው?»

የሻንጣውን ዚፕ ዘጋሁ፤ ሁለታችንም ገና ጥቁር ለብሰናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳዊት የመጀመሪያ አልበም ጅማን ያስጨፈረ ነበር፤ ያለ እሱ ሠርግ አይደገስም። ሁለተኛውን ግን ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ቀዳው። ሂፕ ሆፕ ነው፣ ግን አያስጨፍርም። የጅማው መርካቶ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን የእጅ ድምፅ ምት አድርጎ፣ በላዩ ቀስ ብሎ ያወራል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ሁሉም ዘፈን የሚጀምረው «ሜ» ብሎ ነው። ሜ ማለት እስቲ ማለት ነው፤ እኛ ጅማዎች አንድ ነገር ስንለምን ከፊት እናስቀድማታለን። ሜ ውሃ አቀብለኝ፣ ሜ ንገረኝ። የአልበሙም ስም እሷው ሆነች። አዲስ አበባ ያሉ የሲዲ ነጋዴዎች ግን የፍየል ጩኸት መስሏቸው «ፍየሉ መጣ» ብለው ሳቁ፤ ቀልዱ ከሲዲው ቀድሞ ጅማ ገባ። እማማ አፈሩ። «ወደ ጭፈራው ተመለስ» ሲሉት፣ «እማዬ፣ ሜ አንዴ ብቻ ስሚው» ይላቸው ነበር። ሳይሰሙለት ታሞ አረፈ።

በማግስቱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ሰኮሩ ለቁርስ ስንቆም ሾፌሩ የመጀመሪያውን አልበም ከፈተ፤ ተሳፋሪው አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ይሄ ልጅ ከዚህ በኋላ ምንም አልሠራም አይደል?» አለችኝ።

«ሠርቷል» አልኳት።

መንገዴ ወደ ጀርመን ነበር፤ እዚህ ያለች እህቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ አግኝታልኝ መጣሁ። የጅማ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ የዚህ በረዶ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው ወርዶ የሚያድረው። ጎረቤትም እንደዚያው ነው፤ ደህና አደርሽ ይልሻል፣ እነ እገሌስ ሳይል ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሲዲውን ከፍቼ ስሰማ ሀውስማይስተሩ፣ የሕንፃው ኃላፊ ማለት ነው፣ አንኳኳ።

«ጎረቤቶችሽ ፍየል አላት ብለውኛል።»

«ሙዚቃ ነው።»

«ፍየል ክልክል ነው። ትንሽ ውሻ ይቻላል።»

«ባለቤቴ ነው» አልኩት።

አንዲት ክፍሌን ዞር ዞር ብሎ አየና «እሱም ውሉ ላይ የለም» አለኝ።

እየሳቅሁ አለቀስኩ። ወዲያው ለእማማ ደውዬ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሜ አሰሚኝ» አሉ።

ስልኩን ማጫወቻው ላይ አስጠጋሁት። በመጀመሪያ የለቃሚዎቹ እጅ መጣ። ከዚያ ዳዊት «ሜ…» አለና እንደ ልማዱ ትንሽ አረፈ።

«ወዬ ልጄ» አሉ እማማ፣ «ምን ልስጥህ?»

ዘፈኑ እሳቸውን ሳይጠብቅ ቀጠለ።