ለእናቴ የቆለፍኩት ክፍል

ቤታችንን አከራይተን ሰርቪስ ቤት የገባን ዕለት ባለቤቴ አልጋችንን ፈትቶ ሲያስገባ እኔ ቆሜ እስቅ ነበር። ሳቄ የደስታ አልነበረም። ስንት ዓመት ቆጥበን፣ ከባንክ ተበድረን፣ እያንዳንዷ ብሎኬት ስትደረደር ቆመን ያየነው ቤት አስር እርምጃ ፊት ለፊታችን ተገትሯል፤ እኛ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ለዕቃ ብለን በሠራናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት በር ላይ፣ አልጋው አልገባ ብሎን እንታገላለን። "ምን ያስቅሻል?" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "የቤት ባለቤት ሆንን እኮ!" አልኩት። እሱም ሳቀ። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ባይስቅልኝ ኖሮ አለቅስ ነበር።

እኔ አሶሳ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። እሱ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ሸርቆሌ ስደተኞች ጣቢያ ለሚሠራ ድርጅት እየተመላለሰ ይሠራ ነበር። የቤት ብድሩን ስንፈርም የኔ ደሞዝ ለባንኩ፣ የሱ ደሞዝ ለሆዳችን፣ የመስክ አበሉ ደግሞ ለክፉ ቀን ብለን ተስማማን። ሲወራ ያምር ነበር። ከዚያ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሱም ባነሰ ደሞዝ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ፤ አበል የሚባል ነገር ቀረ። ዘይቱም፣ ሽንኩርቱም፣ ጤፉም እኛን የጠበቁ ይመስል አንድ ላይ ተወደዱ። ባጃጅ መሳፈር ትቼ ትምህርት ቤት በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። ለባልደረቦቼ "ለጤና ነው" እላቸዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ጫማዬ አለቀና ያተረፍኩት ሁሉ ለጫማ ሄደ።

በዚህ ላይ ነው የባንኩ ደብዳቤ የመጣው። ወለዱ ጨምሯል፤ የወር ክፍያችንም አብሮ ጨምሯል። ደብዳቤውን ይዤ እየበረርኩ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ውሉን አውጥቶ የፈረምንበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ "ወለዱ እንደ ጊዜው ሊለወጥ እንደሚችል እዚህ ተጽፏል፣ እናቴ" አለኝ። እናቴ! በሠላሳ ስምንት ዓመቴ! ከወለዱ ይልቅ እሷ ቃል አናደደችኝ። "ካልከፈልንስ?" ብዬ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፍያው ከተጠራቀመ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍልን፣ ከዚያም ቤቱ ለሐራጅ ሊቀርብ እንደሚችል ነገረኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ዋናውን ቤት እናከራይ ያለው ባለቤቴ ነው። "እኛ ሁለት ሰው ነን፤ ሰርቪሱ ይበቃናል" አለኝ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ተከራየችው። ሥርዓት ያላት፣ ኪራይ ቀን የማታሳልፍ ናት። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርገዋል፤ እኔም በሷ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም፤ ስለዚህ ማንም በማንም አይስቅም። ሳሎኑንና ሁለቱን መኝታ ቤት ሰጠናት። ሦስተኛውን መኝታ ቤት ግን እኔ ቆለፍኩት።

እሱ ክፍል የእናቴ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ብቻዋን ናት። የምትኖረው ከአሶሳ ወጣ ብሎ በደርግ ጊዜ ለሰፋሪዎች በተሠራ፣ እስከዛሬም በቁጥር በሚጠራ መንደር ውስጥ ነው። ከወሎ በሰፈራ ሲያመጧት አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው መንደር ነው። ቤታችን ሲሠራ "አንዱ ክፍል ያንቺ ነው" አልኳት። መስኮቱን በጠዋት ፀሐይ እንዲገባላት በምሥራቅ በኩል አስወጣሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋውን ዝቅ አስደርጌ አሠራሁ። አዲስ ጋቢ ገዝቼ አጣጥፌ አስቀመጥኩላት። እሷም "እሺ የኔ እናት፣ እመጣለሁ" አለችኝ። መጀመሪያ እህሉ እስኪሰበሰብ አለች። ቀጥሎ ማንጎው እስኪለቀም። ቀጥሎ ዶሮዋ ታቅፋለች አለችኝ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ለመኖር ቀርቶ ለመጠየቅም ብቅ አላለች። እኔ መንደሩ ድረስ እየሄድኩ አያታለሁ እንጂ እሷ ደጄን አልረገጠችም። ብድሩ እንደከበደን፣ ሰርቪስ ቤት እንደገባንም አልነገርኳት። ክፍሉን በየሳምንቱ ከፍቼ እጠርጋለሁ፣ አንሶላውን አራግፋለሁ፣ መልሼ እቆልፋለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ "ይኼ ክፍል ቢከራይ እኮ" ብሎኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ወለዱ እንደገና ጨመረ። አንድ ወር ሙሉውን መክፈል አቅቶን አጉድለን ከፈልን። በዚያው ሰሞን ተከራያችን ሆዷ ገፍቶ ነበርና አንድ ከሰዓት በኋላ ሰርቪሱ በር ላይ መጥታ ቆመች። "እህቴ፣ እናቴ ይመጣል። ኢንሻአላህ እኔ ስወልድ ከኔ ጋር ይቀመጣል። ያ ክፍል ባዶ ነው፣ እኔ ይከፍላል" አለችኝ። "ባዶ አይደለም!" አልኳት። "የእናቴ ነው!" ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ መሰለኝ፣ ደነገጠች። አንገቷን ደፍታ፣ ካልሆነ ሰፋ ያለ ቤት መፈለጓ እንደማይቀር ነገረችኝና ሄደች።

ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ቧንቧ እየጠገነ ሁሉንም ሰምቷል። እሷ ክፍሉን ከጨመረች የጎደለን ይሞላል። ከወጣች ግን ሌላ ተከራይ እስኪገኝ ቤቱ ስንት ወር ባዶ ይቀመጣል? ይኼን አስተማሪ መሆን ሳያስፈልግ ማንም ያሰላዋል። እሱ ግን ቀና ብሎ "እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?" ብቻ አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን የተማሪዎች ፈተና ሳርም የተቆላ ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ አጠገቤ አስቀመጠልኝና ወጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ማኩረፍ ራሱ ያደክማል።

እሁድ ሚኒባስ ተሳፍሬ እናቴን ላመጣት ሄድኩ። እሷ ከመጣች ክፍሉን "ባዶ ነው" የሚለኝ አይኖርም፤ ለባንኩ ሌላ መላ እንፈልጋለን ብዬ ነው። ማንጎው ስር ተቀምጣ ቦሎቄ ስትለቅም አገኘኋት። "ተነሽ፣ ዕቃሽን ሸክፊ" አልኳት። "ዛሬ?" "ዛሬ!" "እሺ የኔ እናት፣ መጀመሪያ ግን እህል ቅመሽ።" በላሁ። ከበላሁ በኋላ ቀኑ መሸብን አለች፤ ገና ስምንት ሰዓት ነው። ቀጥላ ፍየሏ ልትወልድ እንደሆነ ነገረችኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። "እማዬ፣ የወለድሽው ፍየሏን ነው ወይስ እኔን ነው?" ብዬ ጮህኩባት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ጉንጬን ስማ አንድ ማዳበሪያ ማንጎ ሞልታ አሸከመችኝ። እናቴ እምቢ አትልም፤ እሺ እያለች ነው የምትቀረው። እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ማንጎውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ስነፋረቅ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ለቅሶ ደርሼ የምመለስ መስሏቸው "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁና ቁልፉን ለተከራያችን ሰጠኋት። እጄን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው። እኔ ሰርቪስ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወር ላይ የባንኩን ክፍያ አሟልተን፣ የጎደለውንም ጨምረን ከፈልን። ባለቤቴ ደረሰኙን ይዞ ፈገግ ሲል እኔ ደስ አላለኝም። እናቴን የሸጥኳት መሰለኝ።

ልጁ በደህና ተወለደ። የተከራያችን እናት መጡና እዚያ ክፍል ገቡ። ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ይዘው በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሥራ ስወጣ ያዩኛል። "ቢንቲ!" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቆሜ ሰላም እላቸዋለሁ። ምን ይደበቃል፣ ቀንቼ ነበር። የሰው እናት እኔ ባሠራሁት አልጋ ላይ ተኝታ ታድራለች፤ የኔዋ ፍየል ትጠብቃለች!

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እናቴ ደወለችና እንደተለመደው "እመጣለሁ እኮ" ስትለኝ መዋሸት ሰለቸኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ባንኩን፣ ወለዱን፣ ሰርቪሱን፣ ክፍሉን። "ላንቺ ያልኩትን ክፍል አከራየሁት፣ እማዬ። ይቅር በይኝ" አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"እውነትሽን ነው? ሰው ገብቶበታል?"

"ገብቶበታል።"

"እንግዲያ ቅዳሜ እመጣለሁ" አለችኝ።

አላመንኳትም። ቅዳሜ ጠዋት ግን መናኸሪያ ወረደች። ለባጃጅ ከፍዬ ይዣት መጣሁ። ግቢ ስትገባ መጀመሪያ የሄደችው በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት ሴትዮ ነው። እሷ በወሎ አማርኛ፣ እሳቸው በበርታ፣ ሁለቱም ሕፃኑን እያገላበጡ ረጅም ሰዓት ተጨዋወቱ፤ ምን እንደተባባሉ እስከዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሰርቪስ ቤት ገብታ አልጋችን ላይ ተቀመጠች። ዙሪያውን አየችና "ኧረ ይበቃል! ምን ጎደለው?" አለች። ባለቤቴ አልጋውን ለኛ ትቶ ለራሱ ሌላኛው ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፈ።

በማግስቱ ጸጉሯን እያበጠርኩላት ጠየቅኳት። ለምን አሁን? ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ?

"ፈርቼ ነዋ" አለችኝ። "እሱን ክፍል ስታሰናጂልኝ፣ አልጋ ስታሠሪልኝ... አንዴ ከገባሁበት በምን አፌ እወጣለሁ? ከወሎ ሲያመጡን ለጊዜው ነው ብለው ነው መኪና ላይ የጫኑን። ይኸው ቀረሁ። ለቅሶዬ እስኪወጣልኝ ስንት ዓመት ፈጀ። አሁን ያ መንደር ቤቴ ነው፣ አባትሽም እዚያው ነው ያለው። ሁለተኛ መነቀል አልችልም ልጄ። እንዳልነግርሽ ደግሞ አንቺ ታለቅሻለሽ።"

እኔ እያለቀስኩ ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለተቀመጠች አላየችኝም።

"አንድ ሁለቴ ለገበያ አሶሳ መጥቼ ነበር" አለች ቀጥላ፣ ቀስ ብላ። "አንዴማ ቤታችሁን አጠያይቄ በዚህ ከግንቡ ውጭ አልፌአለሁ። ድምፅሽን ሰማሁት። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁና አትለቀኝም ብዬ ተመለስኩ።"

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩት። እናቴ ደጄ ድረስ መጥታ፣ ድምፄን ሰምታ፣ ከኔ ሸሽታ ሄደች! ተናደድኩ፤ በሷ ነው በራሴ እንጃ። ከኋላዋ አቅፌ አንገቷ ስር ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። "ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ" አልኳት። "አላደርግም፣ ምን ቆርጦኝ" አለችኝ። "አሁን እኮ የምታስቀሪኝ ቦታ የለሽም።" እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ብድሩ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ወለዱም ይጨምር ይቀንስ አላውቅም። እናቴ ግን አሶሳ ገበያ በወጣች ቁጥር እኛ ጋ ታድራለች። ባለቤቴ ሳልነግረው ፍራሹን አንስቶ ወደ ሌላኛው ክፍል ይሄዳል። አልጋው ለእናቴና ለኔ ጠባብ ነው፤ እንዳትወድቅ ብላ ይሁን እንዳልወድቅ ብላ እንጃ፣ እስኪነጋ እጄን ይዛኝ ትተኛለች።