በጭነት መኪና የተላኩ ጥያቄዎች

ነገሌን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አቧራዋ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታጋድል፣ ከዶሎ የሚመጣው የጭነት መኪና ከሩቅ ሲታይ በመንገድ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ቀዩ አቧራ ከሥሩ ይነሳና ጎማውን ይውጠዋል፤ መኪናው መሬት ሳይነካ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይንሳፈፋል። ዛሬ ዛሬ እነዚያን መኪናዎች በዓይኔ አይቻቸው ይሁን በእንቅልፍ ልቤ ይምታታብኛል። ኬላው ጋ ሲደርሱ ግን እውነት ይሆናሉ። ገመዱ ይወጠራል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ እናቴም ከግራሩ ሥር ካስቀመጠቻት በርጩማ ብድግ ትላለች።

እናቴ ሾፌር ትጠይቅ ነበር። ምን ትጠይቅ ነበር ብትሉኝ፣ ምን የማትጠይቀው ነበር! በቆሎ ሲነቅዝ ምን ይደረጋል? የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ብሎ ባቄላ አላበስል ሲል ምን ይጨመርበታል? የበርሜል ዝገት በምን ይለቃል? የጎረቤታችን ሕፃን ስቅታ አልለቀው ሲል ግንባሩ ላይ ክር ከመለጠፍ ሌላ ምን ዘዴ አለ? ሾፌሩ ጥያቄዋን ይዞ ይሄዳል፣ በየደረሰበት ይጠይቃል፣ ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ መልሱን ይዞላት ይመጣል።

ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር መንገደኛ ወሬውን ሳያራግፍ አይለቀቅም። ቦረናዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «አካም»፣ «ናጋ» ተባብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው አንድ በአንድ ይጠያየቃሉ፤ የሰሙትን ደግሞ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳሉ። የእናቴ ጥያቄ እዚያ ወሬ መሀል ገብቶ ይጓዝ ነበር። አንድ የሊበን ከብት አርቢ ለነቀዙ አመድ ይሻላል ብሎ አመዱን ራሱን በቅል ሞልቶ ላከላት። አንዲት የሀገረ ማርያም ሴት «ባቄላውን በዝናብ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት» ብላ መለሰች። እናቴ «ዝናብ ቢኖርማ ምን አስጠየቀኝ!» ብላ እስኪበቃት ሳቀች።

ሾፌሮቹ ይወዷት ነበር። ከሁሉ ይልቅ አንድ ረጅም የጉጂ ሰው ነበር፤ ከመኪናው ወርዶ ኮፍያውን ሳያወልቅ አያናግራትም። አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ «አካም ጂርቱ እማማ፣ ዛሬስ ምን ልጫንልዎ?» ይላት ነበር። ዓይን አፋር ከመሆኑ የተነሳ እኔን ሰላም ሲለኝ እንኳ የሚያየው ጫማዬን ነው።

እኔ ግን እንገበገብ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ «የቲቸር እናት ዛሬም ኬላ ናቸው» ሲሉ እሰማለሁ። እሱስ ይሁን፣ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ድሬሰር ሆኖ ዶሎ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ነበር። ድንበሩ ላይ ጦርነት ተነሳ፣ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት መኪናው መጣ፣ ቴምሩ መጣ፣ ሸራው መጣ፤ እሱ አልመጣም። ደብዳቤም የለ። እናቴ ከዓመት በላይ ስለ ነቀዝና ስለ ዝገት አገር ስታዳርስ፣ ስለ ልጇ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ፈነዳሁ። «ለባቄላ የሚሆን አፍ አለሽ፣ ለልጅሽ የለሽም? አንጀት የለሽም እንዴ አንቺ ሰው?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! እናቴ የያዘችውን ምስር መልቀሟን አላቆመችም።

«ብጠይቅ ማን ይነግረኛል?» አለች። «አባትሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ የሞተ ጊዜ፣ ሃያ ቀን ሙሉ ደህና ነው አሉኝ። ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል አሉኝ። እኔ ሹራብ እሠራለት ነበር። አንድ እጅጌ ሲቀረኝ በማለዳ መጥተው በሩን ሞሉት።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንደዚያ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪነግርሽ ድረስ ግን ሁሉም በደግ ልቡ ይዋሽሻል።

«ስለዚህ ደህና ነው ቢሉኝ አላምን» አለች። «ልጄ ካለ ጥያቄዬ ጆሮው ይገባል። ከሰማ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ለእናቴ ጥያቄ ቁም ነገር መልሶ አያውቅም። ወጡ አረረብኝ፣ ምን ይሻለኛል ስትለው «ለማትወጂው እንግዳ አስቀምጪው» የሚል ሰው ነበር። እሷም በዱላ ታባርረዋለች፣ እሱም እየሳቀ አጥር ይዘላል። ለካ ያን ሁሉ ቁም ነገረኛ መልስ ስትሰበስብ የከረመችው አንድ የማይረባ መልስ ፍለጋ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ኬላው ጋ እቀመጥ ጀመር። እኔ አርማለሁ፣ እሷ መንገዱን ታያለች። ቀኖቹ ተመሳሰሉ፤ የትኛው ማክሰኞ የትኛው ሐሙስ እንደነበረ አሁን ብጠየቅ አልመልስም።

አንድ ቀን ለጉጂው ሾፌር ስለ ዶሮዋ ነገረችው። «ዶሮዬ የገዛ እንቁላሏን እየበላች አስቸገረችኝ፤ ምን ይሻላል?»

መልሱ ከወር በኋላ ጎረፈ። የዶሎ ነጋዴ «እንቁላሉን በስተው በርበሬ ይሙሉበት» ብሏል። ሊበን ያሉት «የምንቃሯን ጫፍ ይሞርዱት» ብለዋል። አንዱ «አርደው ይገላገሏት» ብሏል። ሾፌሩ በጣቱ እየቆጠረ ዘረዘረላት።

«ሌላስ?» አለችው። «ሌላ ያለ ሰው የለም?»

ኮፍያውን በእጁ ሁለት ጊዜ አዞረው። «ይኸው ነው፣ እማማ» አለ።

እናቴ የዚያን ቀን በርጩማዋን ተሸክማ ገባች፤ ተመልሳም አልወጣች። «እንቁላሏን የምትበላ ዶሮ ሰምቶ ዝም ካለ፣ ልጄ የለም» አለችኝ። ልከራከራት ፈለግሁ፤ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ አልቻልኩም። የእድሩ ሽማግሌዎች «አልቅሺና ይውጣልሽ» ሲሏት ከርመው ነበር። አሁን እሺ አለች። እሑድ ድንኳን ተተከለ፣ ጥቁር ለበስን።

ሦስቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የሸራው ጥላ ሲረዝምና ሲያጥር አስታውሳለሁ፤ እናቴ ፍራሽ ላይ ፊቷን ሸፍና፣ እንባዋ አልቆ። በሦስተኛው ቀን ጉጂው ሾፌር ከነአቧራው ከመንገድ መጣና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ሐዘንተኛ ማጫወት ወግ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያስቅ ነገር ይፈልጋል። እሱም ምስኪን የድርሻውን ሊወጣ ብሎ የእናቴን ጥያቄዎች ለጎረቤቱ ያወራ ጀመር፤ ነቀዙን፣ ዝገቱን።

«የዶሮዋን መልስማ…» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

ንፍሮ እያዞርኩ ነበር። ባለሁበት ቆምኩ። «የዶሮዋን መልስ ምን?»

«ተይው ቲቸር፣ ብልግና ነው። እናት ፊት አይባልም።»

«ተናገር እልሃለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ድንኳኑ ሁሉ ዞረ።

«ከዶሎ ወዲያ ነው» አለ ጫማዬን እያየ። «የተፈናቃዮች ሰፈር። አንድ ወባ የጣለው ሰው ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። አስታማሚዎቹን ስለ ዶሮዋ ስጠይቅ ሰማኝና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ‹የገዛ እንቁላሏ አይደለም እንዴ! አንቺን ምን አገባሽ? ብሎሻል በላት› አለኝ። አንድ ቃል እንዳትለውጥ ብሎ አስማለኝ። ማን ልበላቸው ስለው ‹እሷ ታውቀዋለች› አለ። የትኩሳት ወሬ መሰለኝ። ለእማማ እንዲህ ያለ ቃል በየትኛው አፌ አወጣለሁ?»

እናቴ ከፍራሹ ተነሳች። ራሷን ስታ የምትወድቅ መስሏቸው ሴቶቹ ሊይዟት ተሯሯጡ፤ ገፋ አድርጋቸው ሾፌሩ ፊት ሄዳ ቆመች። እሱም ተነስቶ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ስድቡን ይጠብቃል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ።

«ከስቷል?» አለችው።

ሾፌሩ ሽማግሌዎቹን አየ። ምን ማለት እንደሚሻለው የሚነግረው ሰው አልነበረም።

«በጣም ከስቷል» አለ። «በዚህ ጉዞዬ ስመለስ ተነስቶ ቁጭ ብሎ ሾርባ ይጠጣ ነበር። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኩባያውን በሁለት እጁ ነው የያዘው።»

እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች እልል አለች።